የሙክታር ሲኖ ኩርባዎች

ከደንገጎ እስከ ድሬዳዋ ያለውን ቁልቁለት እንደ እኔ የወረደው የለም፤ አሞራንም ጨምሬ ነው የምናገረው። አሞራ በየመሀሉ ያንዣብባል፣ የሚበላ ካየ ይቀመጣል። እኔ አላንዣብብም። ደንገጎ ላይ ስነሳ ድሬ ያለ ሰው ሻይ ቢያዝ፣ ሻዩ ሳይቀርብለት አጠገቡ ቆሜ ላቤን እጠርጋለሁ። ጉራ ስለማልወድ ቀንሼ ነው የነገርኳችሁ።

ስሜ ዘካርያስ ነው። ሰፈሩ ዘኬ ይለኛል። አርባ ዘጠኝ ዓመቴ ነው፤ የከዚራ እድር ሹፌር ነኝ።

የምወርድበት መንገድ ግን የለም። ተራራውን የሚበሳው ዋሻ ከተከፈተ ወዲህ አሮጌውን ጠመዝማዛ የረገጠ ጎማ የለም፤ ከላይ ናዳ፣ ከታች ጎርፍ ተቀባብለው በልተውታል። የሐረር ሰው አሁን ወንበሩ ሳይሞቀው ድሬ ይደርሳል። በመሀል ምን እንዳለፈ ብትጠይቁት ጨለማ ነው የሚላችሁ። መንገዱ የቀረው እኛ ጋ ነው። እሱም ከምሳ በኋላ ብቻ።

ድሬ ከምሳ በኋላ ትተኛለች፤ ይህ አዲስ ነገር አይደለም። አያቶቻችን ሱቃቸውን ዘግተው የሚተኙት ሙቀቱን ሸሽተው ነበር። እኛ የምንተኛው ሥራ ስለሆነ ነው። ሰባት ሰዓት ሲሆን የእድሩ ጡሩንባ ይነፋል። ድሮ ጡሩንባ የሰማ ሰው «ማን ሞተ?» ይል ነበር አሉ። አሁን ትራሱን ብብቱ ሥር ወሽቆ ይወጣል። እድሩ ድንኳንና ብረት ድስት ያስቀምጥበት የነበረው መጋዘን ውስጥ ስልሳ ፍራሽ ተደርድሯል። ሁሉም ቦታውን ያውቃል። የእድሩ ጸሐፊ ሩማና በየፍራሹ እየዞረች ከየሰዉ ጆሮ ጀርባ ያለችውን ቁልፍ በአውራ ጣቷ ትጫናለች፣ በመጨረሻ ራሷም ተኝታ የራሷን ትጫናለች። ድሮ እድር ድንኳን ያዋጣ ነበር። የኛ እድር ራስ ያዋጣል።

ከዚያ ጨዋታው ይነሳል። ነቅቼ የምቀረው እኔ ብቻ ነኝ፤ መጋዘኑ መሀል ባለችው ወንበር ላይ፣ መሪ ይዤ።

ጨዋታው የመኪና እሽቅድምድም ነው። አሥር መኪና ከላይ ይነሳል፣ ቀድሞ ታች የደረሰ ያሸንፋል፤ ልጅም ይገባዋል። ገደሉን በጎማህ ጫፍ ባሸተትክ ቁጥር ጉልበት ይሞላልሃል፤ ጉልበቱ ሲሞላ አንድ ጊዜ ትለቀውና መኪናዋ ትበራለች። ኩርባ ላይ ኋላዋን አንሸራተህ በጎን ትገባለህ። በየሳምንቱ ዓለም የሚያህል ሕዝብ በየቤቱ ሆኖ ያየናል፣ ከየአገሩም ሹፌሮች በየወንበራቸው ሆነው እየገቡ በእኛ ቁልቁለት ይወዳደራሉ። ውድድሩን በሚያካሂደው ሊግ ውስጥ ቁልቁለት ያላቸው ሰፈሮች ብዙ ናቸው። ግራፊክሱ እንደኛ የሆነ ግን የለም፤ ይህን ጠላቶቻችን የደቻቱ ወንዝ ማዶ ሰፈርተኞች፣ መጋላዎች፣ እንኳን አፋቸውን ይዘው ያምናሉ።

ምክንያቱም የኛ የሚወጣው ከሰው ራስ ነው። ሂቦ፣ የጥርስ ሐኪሟ፣ ፍየል ትሰጣለች። በሕይወቷ አንዲት ፍየል አርብታ አታውቅም፤ ስትተኛ ግን ከቁጥቋጦው ውስጥ መንጋ ይወጣል፣ የአንዱም ጢም ከሌላው ጋር አይመሳሰልም። ሩማና ሙቀት ትሰጣለች፤ አስፋልቱ ላይ ውሃ መስሎ የሚንቀጠቀጠው እሱ የሷ ነው። አንድ ልብስ ሰፊ አለን፣ ጥላ ብቻ ነው የሚሰጠው። ሌላው ድንጋይ ብቻ። ግን ምን ዓይነት ድንጋይ! አንድ የሩቅ አገር ሹፌር ውድድሩን እየመራ ድንጋይ ለማየት ቆሞ አሥረኛ ሆኗል።

መንገዱን ግን የሚሰጠው ሙክታር ነበር።

ሙክታር ሲኖ የሚባለው ወጣት ሳለ በዚያ ቁልቁለት ላይ ሲኖትራክ ስለሚነዳ ነው፤ ሽቅብ ሲሚንቶ፣ ቁልቁል ድንች። ሰማንያን አልፏል። የሩማና አባት ነው። ነቅቶ ሳለ እግሩ አይታዘዘውም፤ በራፉ ላይ ካለው የኒም ዛፍ ሥር አስቀምጠነው እንሄዳለን፣ ስንመለስ እዚያው እናገኘዋለን። ሲተኛ ግን አርባ ቶን ተሸክሞ ይወርዳል። አስፋልቱ፣ ዳገቱ፣ የገደሉ አፍ፣ እያንዳንዱ ኩርባ ከነጠባሳው ከሱ ነው የሚወጣው። ኩርባዎቹ ስም አላቸው። አንደኛዋ «አማት» ትባላለች፤ ተለማምጠህ ካልገባህ አትወጣም። የቀረነው ሁላችን በሱ መንገድ ላይ ጌጥ ነን። እኔም ብሆን፣ ቁንጮ ጌጥ ነኝ እንጂ ጌጥ ነኝ።

ሊጉ ማሽን አይልክልንም። ማሽኑ እኛ ነን። የሚልክልን ቅዝቃዜ ነው፤ ቤታችን ውስጥ በቧንቧ የሚገባው። እሱ ባይኖር አሁን ባለው ሙቀት ከዚራ የሚባል ሰፈር አይኖርም ነበር። በምትኩም በየዓመቱ ዝቅተኛውን መስፈርት ከፍ ያደርጋል። ጨዋታው ሲጀመር አሥራ ሁለት ራስ ይበቃ ነበር። ቀጥሎ ሠላሳ አሉ። አሁን ስልሳ ነው፤ ያውም ትኩሳት የሌለበት፣ ምሳውን በልክ የበላ፣ ከመተኛቱ በፊት ያልተጣላ። የተጣላ ሰው ከተኛ አስፋልቱ ይርገበገባል። ስለዚህ የከዚራ ባልና ሚስት በሳምንቱ ውስጥ አይጣሉም፤ ሁሉንም ለእሁድ ያቆዩታል። እሁድ ከዚራ አትምጡ። ከመስፈርቶቹ ሁሉ የከበደን ግን የጫቱ ነው። የቃመ ሰው አይተኛማ። ድሬን ከምሳ በኋላ አትቃሚ ማለት ደቻቱን ሽቅብ ፍሰስ ማለት ነው። እኛ ግን ተውን። ታሪክ አንድ ቀን ይህንን መስዋዕትነት ይጽፈዋል።

ነገሩ የተበላሸው ከሁለት ዓመት በፊት፣ በአንድ ተራ ቀን ነው። እየመራሁ ነበር፤ መቼ የማልመራበት ቀን አለ። ወደ አማት ስገባ አማት የለችም። ገደልም የለም፣ ሰማይም የለም። ነጭ ነው። ድምፅ የሌለው ነጭ። መኪናዋ ገባችበትና ጨዋታው መነሻው ላይ መለሰኝ።

ስልሳውም ሰው በእንቅልፉ አይቶታል። ሲነቁ ማንም አልተናገረም።

ይህ እንግዳ ነገር መሆኑን ድሬን የማያውቅ ሰው ላይረዳው ይችላል። እኛ የምንደብቀው ነገር የለንም። አንቱታ አናውቅም፤ ሽማግሌውንም፣ ቄሱንም፣ ሼኩንም አንተ ነው የምንለው። የወፈረን ሰው ወፍረሃል፣ የተፈታችን ሴት እሰይ ተገላገልሽ እንላለን። እኔን ራሴን በአርባ አምስተኛ ልደቴ ላይ ፀጉርህ የት ሄደ ብለው በዘፈን ጠይቀውኛል። ያን ቀን ግን ስልሳ ድሬ ትራሱን አንስቶ፣ ሙክታርን ደግፎ፣ ስለ አየሩ እያወራ ወጣ። ሁሉም ያሰበው አንድ ነው፤ ሙክታር መርሳት ጀመረ። ይህንን ደግሞ መርሳት የጀመረ ሰው ፊት ማን ይናገራል?

በማግስቱ አማት ቦታዋ ላይ ነበረች። ደስ አለኝ። ቀረብ ስል ግን እሷ አይደለችም። ቀኙ አለ፣ ግራው የለም፤ በግራው በኩል የአንድ ወፍራም ሰው ትከሻ ነው ያለው። በኋላ እንደገባኝ የሂቦ ነበረች። ልጅ ሆና በአውቶቡስ መስኮት በኩል ያየቻት። ሙክታር እንዳያፍር ብላ በዝምታ ሞላችለት። ሌላ ጊዜ ሙክታር ሌላ ኩርባ ዘለለ፤ ያንን ሩማና ሞላችው። እሷ ያስታወሰችው በትምህርት ቤት ጉዞ ያስመለሳትን ቦታ ስለሆነ፣ እዚያ በደረስኩ ቁጥር ሆዴ ይገለበጥ ነበር። ድንጋይ ሰጪው አንድ ኩርባ ሠራ፣ ድንጋይ ብቻ ሆነ። ሁሉም ብቻውን የሚረዳ መስሎት፣ ሁሉም ለማንም ሳይናገር ይጠግን ነበር። በዓመት ተኩል ውስጥ መንገዱ ላይ ድልድይ በድልድይ ተነባበረ። ዛሬ ወደ ቀኝ የታጠፈው ነገ ወደ ግራ ይታጠፋል። በዚህ ሁሉ ላይ እየነዳሁ አንደኛ እወጣ ነበር፤ ሌላ ሰው ቢሆን አሁን አጥንቱ ነው የሚገኘው።

ከዚያ ሊጉ የላከው መዛኝ መጣ። ናሆም ይባላል፣ ከአዲስ አበባ ነው፣ ሠላሳ የሞላው አይመስልም። ሁላችንንም እርስዎ ስላለን ከኋላችን ማን ቆሟል ብለን ዞር ዞር አልን። አዲስ መስፈርት ወጥቷል አለ። መንገድ ሁለት ጊዜ ሲወረድ አንድ ዓይነት መሆን አለበት፤ ካልሆነ የመንገዱ ዋና ራስ ይነሳና በቦታው ዝግጁ መንገድ ይገባል። ዝግጁ መንገድ አይተናል። መጋላዎች አንድ ጊዜ አስገብተው ነበር፤ አስፋልቱ እንደ ሳህን የታጠበ፣ ዛፉ ሁሉ የአንድ ዛፍ ልጅ። ሩማና የተነሳው ራስ ምን ይሆናል ብላ ጠየቀችው። ቤታቸው ያርፋሉ አላት፣ ቅዝቃዜያቸውም አይቋረጥም። ሐሙስ ሊፈትነን ቀጠሮ ያዘ።

ቤታቸው ያርፋሉ። ይህች ቃል መጋዘኑ ውስጥ ቀረች። የሙክታር ቤት ማለት የኒሙ ሥር ያለው ወንበር ነው። ከእንቅልፉ ካወጣነው ከዚያ ወንበር ሌላ የሚሄድበት የለውም።

አንድ ሰው ሊነግረው ይገባል ተባለ። ሩማና አባቴ ነው አልችልም አለች። ሂቦ ጥርስ ከመንቀል በላይ ጭካኔ የለኝም አለች። ከዚያ ሁሉም ወደኔ ዞሩ። አፍ ያለው ሰው እሱ ነው ተባለ። እውነት ነው፤ አፌ ከከዚራ እስከ ጅቡቲ ይሰማል። ሄድኩ።

ኒሙ ሥር አገኘሁት። አጠገቡ ተቀምጬ ስለ ራሴ አወራሁ። ባለፈው ስላሸነፍኩት ውድድር፣ ከዚያ በፊት ስላሸነፍኩት፣ ገና ስለማሸንፈው። ያሰብኩት መሀል ላይ ቀስ ብዬ ላስገባው ነበር። መሀሉ አልመጣ አለኝ። ሙክታር እስኪበቃው ሰማኝና፣

«ልትነግረኝ የመጣኸውን ንገረኝ እንጂ አቦ» አለ። «ጉራህን ለሐሙስ አስቀምጠው።»

«ኩርባዎቹ...» አልኩ።

«ኩርባዎቹ ምን ሆኑ? የናንተ ኩርባዎች ናቸው። እኔ ምን አገባኝ።»

አልገባኝም። እንደማይገባኝ ሲያይ ዱላውን መሬት ላይ አስደግፎ ነገረኝ። ያን የመጀመሪያውን ቀን፣ አማት የጠፋች ቀን፣ ቅሞ ነበር። የድሮ የሥራ ባልደረባው ከአወዳይ ምርጥ እሽግ ይዞ መጥቶ፣ እንግዳ መመለስ ነውር ሆኖበት አብሮት ቃመ። ስለዚህ በግማሽ ዓይኑ ነበር የተኛው። በማግስቱ ጫቱን ትቶ፣ አማትን ይዞ ሲመጣ ቦታዋ ተይዟል። ሌላ ሰው ኩርባውን ዘርግቶ ተኝቷል።

«ሰው ባነጠፈበት ላይ አላነጥፍም» አለኝ። «ሽማግሌው ደከመ፣ ቀስ እያልን እናሳርፈው ብላችሁ የተስማማችሁ መሰለኝ። ሳትነግሩኝ፣ ሳታሳፍሩኝ። ወላሂ፣ ደግ ሰዎች ናችሁ ብዬ ነው የተውኩላችሁ። በሌላ ቀን ደግሞ ራሴ አንድ ለቀቅኩ፣ ወዲያው ሞላችሁት። ስለዚህ በየጊዜው አንድ አንድ እለቅላችኋለሁ።»

«ታዲያ መጥፎ ኩርባዎች መሆናቸውን አላየህም?»

«አይቻለሁ እንጂ። የሂቦ ግማሽ ነው። የልጄ ያስመልሳል። ግን ለፍታችሁ ሠርታችሁ፣ መጥፎ ነው ብዬ ልንገራችሁ?»

ዓመት ተኩል ሙሉ ስልሳ ሰው አንድን ሰው ላለማሳፈር፣ አንድ ሰው ስልሳ ሰው ላለማሳፈር፣ አንድ ተራራ ሙሉ መንገድ በመሀላችን እያፈረስን ነበር።

ተነሥቼ ወደ መጋዘኑ ሄድኩና ድሬ የለመደችውን ሥራ ሠራሁ። ሂቦን ኩርባሽ አንድ ጎን ነው፣ ፍየልሽ ላይ ቆዪ አልኳት። ሩማናን ኩርባሽ ሆድ ያገለብጣል አልኳት። ድንጋይ ሰጪውን ድንጋይ አልኩት። ሁሉም መልሰው የዘር ማንዘሬን አወረዱብኝ፤ አንድ ሰዓት ሙሉ ተሰዳደብን፣ ደስ ይል ነበር። ሩማና ብቻ የአባቷን ፍራሽ ታስተካክል ነበር። አባቷ ያልረሳውን ስታስታውስለት የኖረችውን ጊዜ እያሰበች ነበር መሰለኝ። በመጨረሻ ሁሉም ኩርባውን ሊያነሳ ተስማማ።

ሐሙስ ናሆም መጥቶ ከወንበሬ ጎን ቆመ። ጡሩንባው ተነፋ፣ ስልሳው ተኛ፣ እኔ ወረድኩ።

መንገዱ ተመልሶ ነበር። ስነዳ እንባዬ መጣ ብል ጉራ አይደለም፤ ጨዉ እስከ አሁን መሪው ላይ አለ። አማት ከነተንኮሏ ቁጭ ብላለች። አንድ ቦታ ላይ አስፋልቱ መሀል የጎማ ቅርጽ ያለው ጉድጓድ አለ፣ ሙክታር ራሱ በአንድ ክረምት የቆፈረው፤ እሱም ነበር። ከዚያ ግን ከመንገዱ ወገብ በታች ሦስት ቦታ ላይ ነጭ ሆነ። ከአማት ቀጥሎ መጀመሪያ ላይ የለቀቃቸው ኩርባዎች ናቸው። ዓመት ተኩል አልሄደባቸውም። ለሰው ብሎ የተዋቸውን አሁን ሊያነሳቸው ሲል አጣቸው።

የመጀመሪያው ነጭ አፍ ላይ ስደርስ ጉልበቴ ሙሉ ነበር። ቀጥ ብዬ ገብቼ ብወድቅ መነሻው ላይ ይመልሰኛል፣ ፈተናው ያበቃል፣ ሙክታር ቤቱ ያርፋል። ጉልበቴን ለቀቅኩት። መኪናዋ ተነሣች። በነጩ ላይ፣ ምንም በሌለበት ላይ፣ እስከ ሐረር የሚታይ ዝላይ ዘለልኩና ከማዶው አስፋልት ላይ በአራት ጎማ አረፍኩ። ሁለተኛውንም፣ ሦስተኛውንም። ሁለተኛ ጊዜ ስወርድ ሦስቱም ነጭ በቦታቸው ነበሩ፤ ሦስቱንም ዘለልኳቸው።

ናሆም መስፈርቱ የተጻፈበትን ወረቀት አውጥቶ አነበበ። ከዚያ፣ «መስፈርቱ መንገዱ አንድ ዓይነት ይሁን ነው የሚለው» አለ። «ሙሉ ይሁን አይልም።» ወረቀቱን አጠፈና፣ «አንድ ዓይነት ነው» ብሎ አሳለፈን።

ሙክታር ትራሱ ላይ ቀረ። ሰፈሩ ፍየል አረደ፤ የሂቦን አይደለም።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ዓለም ያውቃል። አንድ ሳምንት ሳይሞላው በሊጉ ውስጥ ስለ ሌላ ነገር የሚያወራ አልነበረም። ሰው የሚፈልገው ዝላይ ኖሯል። የኛን ፍየሎች፣ የኛን ድንጋዮች በመንገድ ትተው ሹፌሮች ነጩ ላይ ለመዝለል ከየአህጉሩ ይመጡ ጀመር። ረጅሙን የዘለልኩት እኔ ነኝ፣ ክብረ ወሰኑ የኔ ነው፣ በየሳምንቱም የገዛ ራሴን እሰብር ነበር። መጋላዎች ሥራቸው መኮረጅ ነውና፣ ከሽንሌ የምትረሳ አሮጊት ፈልገው አመጡ። ሌሎች ሰፈሮችም እንደዚያው። የሚረሳ ሽማግሌ ያለው ቤት በሩ ይንኳኳ ጀመር። ልጆቹ መጀመሪያ ያፍራሉ፣ ቀጥሎ ምን ያህል እንደሚረሳ ማጋነን ይጀምራሉ።

ናሆም ለሩማና ደወለላት። በሚቀጥለው ዓመት መስፈርት እያንዳንዱ መንገድ ቢያንስ አራት ነጭ ሊኖረው ነው አላት። የኛ ሦስት ስለሆነ፣ አባትዎ አንዷን ኩርባ ቢተዉልን፣ ምናልባት አማትን፣ ብሎ በትሕትና ጠየቃት። ሩማና የመለሰችለትን እዚህ አልጽፈውም። አንተ እያለችው እንደነበር ግን ሰፈሩ ሁሉ ሰምቷል።

እኔ በዚያ ሰሞን ሌላ ነገር አላየሁም። ዝላዬ እየረዘመ ነበር። ጎበዝ እየሆንኩ መስሎኝ ነበር። አንድ ቀን ለመንደርደር ስዘጋጅ፣ ከመካከለኛው ነጭ በፊት የነበረች አንዲት አጭር ግንብ እንደሌለች አየሁ። በሌላ ቀን ከግንቡ በፊት የነበረው ቁልቋል የለም። ሹፌር ሁሉ እዚያ ሲደርስ ሰማይ ሰማይ ነው የሚያየው፤ ጠርዙን የሚረግጠው የለም። ያልተረገጠውን ደግሞ ሙክታር አይዘውም። እሱ መንገድን የሚያውቀው በጎማ ነው። ዝላዬ የረዘመው ነጩ ስለሰፋ ነበር። እኔ በዘለልኩ ቁጥር ሙክታር ይቀንስ ነበር።

ይህንን ለማንም አልተናገርኩም። ልናገር አስቤ፣ ክብረ ወሰኑ ትዝ አለኝ።

የፍጻሜው ውድድር ሐምሌ ውስጥ ሆነ። አሥር መኪና ተነሣን። አማት ላይ አምስቱን አለፍኩ፣ ቀጥሎ ያሉትን ቀኝና ግራ አከታትዬ አለፍኳቸው፤ የመጀመሪያውን ነጭ ስዘል ከኋላዬ ያለው አቧራዬን እንኳን አያገኝም ነበር። ከዚያ ትልቁ መጣ። ጉልበቴ ከአፍ እስከ ገደፉ ሞልቷል። ለቀቅኩት፣ ተነሣሁ።

መሀል አየር ላይ ሆኜ ወደ ታች አየሁ። ለምን እንዳየሁ አላውቅም።

ነጩ ውስጥ ኩርባ ነበር።

ትንሽ ናት። በቀዳዳ እንደሚታይ ነገር ዳርዳሯ ደብዛዛ ነው። በኖራ የተቀቡ ድንጋዮች፣ አንድ በለስ፣ ከግንቡ ሥር የተገለበጠ የዘይት ቆርቆሮ። ሂቦ አውቶቡስ ውስጥ ሆና ልታየው የማትችለው ቆርቆሮ። ሽማግሌው ለማንም ሳይናገር እየፈለገ ነበር፤ ማንም ሳያግዘው፣ ማንም ሳይሞላለት፣ አንዷን አገኛት። ዛሬ ያገኛትን ዛሬ ካልሄዱባት ነገ እንደማትኖር እኔ አውቃለሁ። ከኔ በቀር የሚያውቅ የለም፤ ከኔ በቀር ደግሞ እዚያ ከፍታ ላይ የሚገኝ የለም።

ክብረ ወሰኑ ከፊቴ ነበር፤ የማርፍበት አስፋልት ይታየኛል።

የመኪናዋን አፍንጫ ወደ ታች ደፋሁት። እንደ ድንጋይ ወረድኩ። ከኩርባዋ ጫፍ ላይ በሁለት ጎማ አረፍኩ፣ ሌላው ሁለቱ ነጩ ላይ ተንጠለጠለ፣ መሪውን ጠምዝዤ አወጣኋት። ፍሬን ያዝኩ። እኔ። ቆሜ ልወርድ ምንም አልቀረኝ። ድንች እንደጫነ ሰው፣ ዳሩን ዳሩን ይዤ፣ ቀስ ብዬ ዞርኳት። ከራሴ በላይ ዘጠኙም መኪና ተራ በተራ እየበረሩ አለፉ። አንደኛው ላይ የመጋላው ሹፌር ሲሳለቅ ታይቶኛል፤ ከዚያ ከፍታ ፊት አይታይም ይሉኛል፣ እኔ ግን አይቻለሁ።

አሥረኛ ወጣሁ። ከጨዋታው ታሪክ ጀምሮ እንደዚያ በቀስታ አሥረኛ የወጣ የለም፤ ይህንንም ማንም አይነጥቀኝም።

የሩማናን ቁልፍ ተጭኜ ቀሰቀስኳት፣ እሷም የሌሎቹን እየተጫነች ሰውን ቀሰቀሰች። ስልሳው ሰው ፍራሹ ላይ ተቀምጦ አየኝ። ማለዳ ለፍጻሜው ፍየል ተገዝቶ ነበር። ድንጋይ ሰጪው የተማርነው ስድብ በሙሉ እንደማይበቃ ገልጾ ጀመረ። ሂቦ ከሱ ቀድማ፣

«ዘኬ፣ አንካሳዋ ፍየሌ ቀድማህ ገባች እኮ» አለች።

ሁሉም ሳቀ፤ ሳቁ ግን ንዴት ነበረበት። ምክንያቱን ልነግራቸው አፌን ከፈትኩ። ሙክታር ፍራሹ ላይ ነበር። ልጁ ደግፋው ቀና አለ፣ ውሃ ጠየቀ፣ ጠጣ፣ ጢሙን ጠረገ። መሪ ለቆ እንደወረደ ሰው ጣቶቹን ዘርግቶ አጠፈ። ከዚያ በመጋዘኑ ውስጥ ያለውን ሰው ሁሉ ትቶ እኔን አየኝና፣

«በሦስተኛ ማርሽ ገባህባት» አለኝ። «እሷ ላይ በሁለተኛ ነው የሚወረደው። ትንሽ ብትጨምር ኖሮ ትጥልህ ነበር።»

ሩማና የውሃውን ብርጭቆ እንደያዘች ቀረች።

የጨዋታው መኪና ማርሽ የለውም። መሪ አለው፣ ጉልበት አለው፣ ሌላ የለውም። ይህንን ልነግረው እችል ነበር።

በማግስቱ በሁለተኛ ገባሁ።